የደቡቡ በር ጫማዎች

ልጅ እያለሁ፣ እግዚአብሔር ሰውን ሁሉ ለአንድ ነገር ብሎ እንደሚፈጥር፣ ያንንም ነገር ጊዜው ሲደርስ በስሙ ጠርቶ እንደሚነግረው አስተምረውኝ ነበር። እኔም አምኜ ጠበቅሁ። ይኸው ዕድሜዬ አርባን ሊደፍን ነው፤ አሁንም እየጠበቅሁ ነው። ዘንድሮ ጥር ላይ ልጄ ማህሌት፣ መምህራቸው ወደፊት መሆን የምትፈልጉትን ጽፋችሁ አምጡ ብለዋቸው ወረቀት ይዛ መጣችና «እማ፣ እግዚአብሔር ምን እንድሆን ነው የሚፈልገው?» አለችኝ። ሽንኩርት እየከተፍሁ ነበር። እኔ የራሴን መች አወቅሁና ነው የምትጠይቂኝ ማለት አማረኝ፤ ግን እናት ነኝና «ጸልዪበት» አልኋት። እሷም ስልኳን ይዛ ወጣች። ስልኩ ውስጥ ደግሞ ጥሪህን ዛሬውኑ እወቅ የሚል ሰባኪ ሞልቷል። እኔ ግን የጥሪ ነገር በተነሣ ቁጥር የሚታየኝ ጫማ ነው።

ያደግሁት ቡሬ ነው። ሰፈራችን ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለነበረ የገበያ ቀን ገጠሩ ሁሉ በደጃችን ያልፋል። ከቤታችን በላይ ጉብታው ላይ ቤተ ክርስቲያናችን አለች፤ ጽድና ወይራ የከበባት፣ አጥሯ የድንጋይ ካብ የሆነ። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ከግቢው ጥግ የተሠራች የጭቃ ቤት ነበረች። ክረምት ሲሆን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ መምህሩን አያሰማም፤ በጋ ሲሆን አዲስ የተለቀለቀው ወለል ይሸታል፤ በርበሬ በየደጁ የሚሰጣበት ሰሞን ደግሞ ጸሎት መሐል የሚያስነጥሰው ይበዛል። ዛሬም የተሰጣ በርበሬ ሲሸተኝ «አቡነ ዘበሰማያት» ሳላስበው ከአፌ ይመጣል።

የሚያስተምሩን ሰው መምህር ይበልጣል ይባላሉ። በሥራ ቀን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ እሑድ እሑድ እኛን ያስተምራሉ፤ ሁለቱንም የሚያስተምሩት በአንድ ዓይነት ፊት ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ በጥቅምት አንድ እሑድ፣ ሁላችንም ጸጋ እንደተሰጠን፣ ጸጋችንንም ፈልገን እስከ የካቲት ኪዳነ ምሕረት ድረስ የአገልግሎት ክፍላችንን እንድናሳውቅ ነገሩን። ክፍል ያገኘ ደረቱ ላይ ቢጫ መስቀል የተጠለፈበትን ነጭ ቀሚስ ይለብሳል። ያላገኘ ከሕዝቡ ጋር ይቆማል። የቀሚስ ነገር አልነበረም ብል ዋሽቼ ምን ይሠራልኛል፤ የቀሚስም ነበር። ከቀሚሱ በላይ ያስጨነቀኝ ግን፣ እግዚአብሔር ለሁሉም ሲያድል እኔን ረስቶኝ ቢሆንስ የሚለው ነበር።

ጓደኛዬ ስንዱ ምንም አልደከመችም። አንድ ቀን አፏን ከፈት አድርጋ ዘመረች፤ አለቀ፣ መዘምራን ገባች። እኔ ስዘምር መምህር ይበልጣል ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «እናኑ፣ ያንች ድምፅ ከሌላው ጋር አይገጥምም» አሉኝ። ከዚያ ከበሮ ሞከርሁ፤ ማንገቻው ከብዶኝ ከነከበሮው ወደቅሁ። ከዚያ ግጥም ሰጡኝ። ሦስት ሳምንት አጥንቼ ሰው ፊት ስቆም የመጀመሪያው ስንኝ ብቻ ቀረልኝ፤ እሱኑ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አልሁና ወረድሁ። እናቴ ይህን ሁሉ እያየች «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ለሷ ጨዋታ ነው። እኔን ግን ያንገበግበኝ ነበር፤ አለመጠራቴ የኔ ጥፋት ነው እንዴ?

የሕፃኑን የሳሙኤልን ታሪክ የተማርን ሰሞን ዘዴው የገባኝ መሰለኝ። ሳሙኤል የተጠራው ከቤተ መቅደስ ስለማይጠፋ ነው፤ እኔ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤቴ እየሮጥሁ እንዴት ልጠራ? ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስወጣ ደብተሬን እንደያዝሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ሄጄ እቀመጥ ጀመር። ስጠራ የምመልሰውን መልስ በቃሌ ይዣለሁ። ርግብ ይበርራል፣ ጽዱ በነፋስ ይንሿሿል፤ ስሜን የሚያነሣ ግን የለም። በአምስተኛው ቀን ከኋላዬ አንድ ወፍራም ድምፅ «አንች» አለኝ። ያጠናሁትን መልስ ልመልስ ብድግ አልሁ። ለካ የግቢው ዘበኛ ኖሯል፤ በሩን ሊዘጋ ፈልጎ፣ ቤት የለሽም ወይ ብሎ አስወጣኝ። ያን ቀን ጉብታውን ስወርድ እንደዚያ ዘበኛ የጠላሁት ሰው አልነበረም።

በዚያ ሁሉ መሐል ተስፋ የሚሰጡኝ አንዲት ሴት ነበሩ። እትዬ አትጠገብ ይባላሉ። ከሽንዲ በኩል ካለ ገጠር በየወሩ በእግራቸው እየመጡ ኪዳነ ምሕረትን የሚሳለሙ፣ ለእናቴም በርበሬ የሚያመጡላት ደንበኛ ናቸው። ሲመጡ ከደጃችን ሳያርፉ አያልፉም። እናቴ ግቡ ብትላቸው ግን አይገቡም፤ እግሬ አቧራ ነው እያሉ ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ከረዥሙ ቀሚሳቸው ሥር ሰብስበው ውሃቸውን ይጠጣሉ። እኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር። ለኔ ሸንኮራ አገዳ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ እሱን ሲሰጡኝ አገጬን ያዝ አድርገው «አንችንስ እመቤቴ ለአንድ ነገር ትፈልግሻለች፤ እኔ አውቃለሁ» ይሉኛል። ከየት እንዳወቁ ጠይቄያቸው አላውቅም። ያልጠየቅሁት አላውቅም እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ከሸንኮራው ይልቅ የምጠብቀው ያን ቃል ነበር።

የካቲት ደረሰ። ከንግሡ በፊት ባለው እሑድ መምህር ይበልጣል ክፍል ያላገኘ እጁን ያንሣ ሲሉ ያነሣሁት እኔ ብቻ ነኝ። አዘኑልኝ መሰለኝ፤ ትንሽ አሰቡና የንግሡ ዕለት ሴቶች በሚገቡበት በደቡቡ በር ሆኜ ጫማ እንድጠብቅ አዘዙኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ የሚባል ክፍል ኖሮ አያውቅም፤ ለኔ ብለው የፈጠሩት ነው። ቀሚሱን ግን ሰጡኝ። እናቴ ረዝሞብኝ ስለነበር ጫፉን ሁለት ጊዜ አጥፋ ሰፋችልኝ። ስንዱ በጫማው ትንሽ ሳቀችብኝ። እኔ ምን ገዶኝ፤ እግዚአብሔር በራሱ ድምፅ ባይጠራኝ በመምህር ይበልጣል አፍ ጠርቶኛል ብዬ አምኜ ነበር።

የንግሥ ዕለት የደቡብ በር ምን እንደሚመስል በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያውቀዋል። ከደረጃው እስከ ካቡ ድረስ መሬቱ ጫማ ነው። ያኔ የገጠር ሰው ጫማ ማለት ደግሞ ኮንጎ ነው፤ ጥቁር ፕላስቲክ፣ የአንዱ ከሌላው የማይለይ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚሸት። እንደዚያ ተበታትኖ ሳየው ደሜ ፈላ። አንዷ ከደረጃው ሥር፣ አንዷ ከጽዱ ግንድ አጠገብ፣ አንዷ ከካቡ ድንጋይ መሐል ተሸጉጣ። የእግዚአብሔር ቤት ደጅ እንዲህ ይሆናል እንዴ? ጠብቂ እንጂ አስተካክይ ያለኝ ሰው የለም። ቅዳሴው ግን ረዥም ነው፤ እኔም ጸጋዬን ዛሬ አገኘሁት ብያለሁ። አዲሱን ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ፣ ከወንጌሉ እስከ ቁርባኑ ድረስ ያን ሁሉ ጫማ ሰበሰብሁ። ግራውን ከቀኙ፣ ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ እያጋባሁ በረድፍ በረድፍ ደረደርሁት። ሲያልቅ ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሥራዬን ወድጄ አላውቅም።

ያላወቅሁት፣ ተበታትኗል ያልሁት ጫማ ሁሉ በዕቅድ የተቀመጠ መሆኑን ነው። እናቶቻችን ጫማቸው እንዳይወሰድባቸው ግራውን አንድ ቦታ፣ ቀኙን ሌላ ቦታ አርቀው ነበር የሚያኖሩት፤ ነጠላ ጫማ ማን ይሰርቃል? መልኩም አንድ ስለሆነ የሚያውቁት በቦታው ነው፤ የኔ ከጽዱ ሥር፣ የኔ ከሦስተኛው ድንጋይ እያሉ። እኔ ያን ሁሉ ምልክት አጠፋሁባቸው። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይኸው ነው። ሕዝቡ ሲወጣ ደጁ ተተራመሰ። ይች የኔ ናት፣ ኧረ የኔ ናት ተባለ። አንዱን ጠባብ፣ አንዱን ሰፊ አድርጋ የምታነክስ ሴት ነበረች። አንዲት ባልቴት የሰው መሆኑን እያወቁ፣ ምን ላድርግ ልጄ፣ ይችም መሬት ትረግጣለች ብለው አድርገው ሄዱ። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው በሳቅና በጉርምርምታ እየተለዋወጠ የራሱን አገኘ።

ሰው ሲሳሳ አንዲት ጫማ ብቻዋን ቀረች። ስደረድርም አስቸግራኝ ነበር፤ ሌላዋ ጓደኛ ያጣች አንዲት ትንሽ የቀኝ ኮንጎ ብቻ ስለነበረች ሁለቱን ማጋባት አልታየኝም። ከካቡ ሥር ቅጠል ለብሳ ነው ያገኘኋት፤ የወንድ የግራ እግር ኮንጎ፣ በጣም ትልቅ፣ ፊቷ በቢላ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁም ላይ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ቁራጭ የተሰፋባት። የተጣለች መስላኝ ልወረውራት ነበር፤ በኋላ ግን ጠባቂ ነኝና ከረድፉ ጫፍ ለብቻዋ አኖርኋት። አሁን ባለቤቷን ላገኝላት ፈለግሁ። አንሥቼ ደረጃው ላይ ወጣሁ፤ ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ በዚያ ከማንም ጋር በማይገጥም ድምፄ «ይች ጫማ የማን ናት?» ብዬ ጮኽሁ። ደገምሁ። ሦስተኛ ጮኽሁ። ግቢው ውስጥ ቀና ያላለ ሰው የለም። አንዳንዱ ሳቀ። አንዲት ሴት ፊቷን አዙራ፣ የበሽተኛ ጫማ ነው፣ ጣያት አለችኝ።

እትዬ አትጠገብ ከካቡ ሥር ቆመው ነበር። ቀኝ እግራቸው ትንሽ ኮንጎ አድርጓል፤ ግራው ከቀሚሳቸው ሥር ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔ ሞኟ አሁንም አልገባኝም፤ ያችን ጫማ እንደያዝሁ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በቀጥታ ወደሳቸው ሄድሁና «እትዬ፣ የእርስዎ ናት?» አልኋቸው። ጫማዋን አላዩአትም። «የኔ አይደለችም ልጄ» አሉ። አልተቆጡኝም። ነጠላቸውን አጣፍተው ጉብታውን መውረድ ጀመሩ። ሲራመዱ ቀሚሳቸው ከፍ ሲል ግራ እግራቸውን አየሁት። ከጉልበቱ በታች አብጦ፣ ቁርጭምጭሚቱ ጠፍቶ፣ ጣቶቹ ባበጠው ሥጋ ተውጠው፣ በየካቲት ትኩስ አቧራ ላይ ባዶውን ይረግጣል።

በሩ አጠገብ ሁልጊዜ የሚቀመጡ እማሆይ ትርንጎ የሚባሉ መነኩሲት ነበሩ። እጄን ይዘው አስቀመጡኝና ሁሉን ነገሩኝ። ቀዩ አፈር በባዶ እግር ሲያርሱ፣ ሲያርሙ የሚኖሩትን ሰዎች እግር እንዲህ ያደርገዋል። ሰው ግን ያን አያውቅም፤ የዘር ነው ብሎ ይሸሻል። እትዬ አትጠገብ ለመዳር የደረሱ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። እግራቸው ከታወቀ ልጆቻቸውን የሚያገባ አይገኝም ብለው፣ ያችን ጫማ ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ አውልቀው ቅጠል ያለብሷታል፤ ሰው ሁሉ ሲሄድ ደግሞ መጨረሻ ላይ ወጥተው ያደርጓታል። እማሆይ ይህን ሲያውቁ ስንት ዘመናቸው፤ ለማንም ተናግረው አያውቁም። እኔ በአንድ ቀን ደረጃ ላይ ወጥቼ አወጅሁት።

ጫማዋን አቅፌ ሮጥሁ። በሽንዲ መንገድ እስከ ወንዙ ድልድይ ደረስሁ፤ የሉም። ሰው እንዳያያቸው ትልቁን መንገድ ትተው በማሳው መሐል ቆርጠው ሄደዋል። እሳቸው መንገዱን ትተው በዚያ እግር በደረቁ የስንዴ ገለባ ላይ እንደሚሄዱ ሳስብ እዚያው ድልድዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። እናቴ ይህን ሰምታ በሳምንቱ በሽንዲ ገበያተኛ እጅ ጫማዋን ላከችላቸው። ጫማዋ ተመልሳ መጣች። የኔ አይደለችም ብለዋል አሉን። ከዚያ በኋላ በደጃችን አላለፉም፤ በመንደራቸው ያለ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጀመሩ ሲባል ሰማን። ልጆቻቸው ይዳሩ አይዳሩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጫማዋ ለብዙ ዓመት ከዕቃ ቤታችን ጥግ ተቀምጣ ነበር፤ ቤት ስንቀይር የት እንደገባች እንጃ። መምህር ይበልጣልም ቀሚሱን አጥቤ እንድመልስ፣ ለጊዜው ከሕዝቡ ጋር እንድቆም ነገሩኝ። ያ ለጊዜው ይኸው እስካሁን አላለቀም።

ይህን ታሪክ የነገርኋቸው ሰዎች ሁሉ ጥሪዬን ከኔ በላይ ያውቁታል። ነርስ መሆን ነበረብሽ፣ እግዚአብሔር እኮ በጣቱ ነው ያሳየሽ ይሉኛል። እሺ፣ አሳየኝ እንበል። ነርስነት አመለከትሁ፤ ውጤቴ አልበቃም። በዓመቱ ደግሜ አመለከትሁ፤ አሁንም አልበቃም። ያሳየኝ እሱ ከሆነ ነጥቡን ማን ከለከለኝ? የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው «ሳያስችል አይሰጥም» አሉኝ፤ እኔ የጠየቅኋቸው ስላልተሰጠኝ ነገር ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነኝ። ወንበር ይገባል፣ ወንበር ይወጣል፤ እኔ እፈርማለሁ። ስንዱ አሁንም ትዘምራለች፤ ስታየኝ ደስተኛ ናት። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ለዚህ ነው የተፈጠርሁት ብዬ ከመኝታዬ ተነሥቼ አላውቅም። ያናድደኛል። በእግዚአብሔር ላይ መናደድ ኃጢአት ከሆነ ንስሐዬን ከነንዴቴ ይቀበለኝ።

ዘንድሮ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ከማህሌት ጋር ቡሬ ሄድን። ልጄ ከመዘምራን አንዷ ናት፤ ድምፁን ከኔ አልወሰደችውም። ነጩን ቀሚስ ለብሳ ቀድማኝ ገባች። የደቡቡ በር ያው ነው፤ ጫማው ግን ተለውጧል። ኮንጎ ብርቅ ሆኗል፤ ሰዉም ጫማውን በፌስታል ይዞ ይገባል። ጫማዬን አውልቄ ልገባ ስል ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ ካቡ ሄደ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው፤ የትም ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ሳላይ አልገባም፤ አንድም ቀን ምንም አይቼ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ነበረች። ትልቅ የሸራ ጫማ፣ የግራ እግር፣ ጎኗ ተተርትሮ በወፍራም ክር የተሰፋ፣ ደረቅ ቅጠል ለብሳ ጫፏ ብቻ ይታያል። ሁለት ልጆች በእንጨት እየጎተቱ ሊያወጧት ይስቁ ነበር።

ልጆቹን አባረርኋቸው። ከካቡ ሥር ተቀመጥሁና ጫማዋን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኋት። ቅዳሴው ተጀመረ፤ እኔ አልገባሁም። በር ላይ የቀረችን ሴት ለምን ቀረሽ ብሎ የሚጠይቃት የለምና ማንም አላስቸገረኝም። ጸለይሁ ብል ውሸት ነው፤ ስነጫነጭ ነው ያረፈድሁት። ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቄ የሰጠኸኝ እንደገና ይህንኑ የጫማ ሥራ ነው ወይ አልሁት። ለዚች ከሆነ ያኔውኑ ብትነግረኝ፣ እትዬ አትጠገብን ሳላስቀይም ብማራት ምን ነበረበት አልሁት። እንደ ድሮው ርግብ ይበርራል፣ ጽዱ ይንሿሿል።

ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር ተነሣሁና ጀርባዬን ለጫማዋ፣ ፊቴን ለሰው ሰጥቼ ቆምሁ፤ ነጠላዬንም ዘርጋ አደረግሁት። ብዙ ቆየሁ። ግቢው ጭር ሲል ከኋላዬ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። አንድ ሰው ጎንበስ ሲል፣ ትንፋሹን ሲውጥ፣ ክር ሲያስር ሰማሁ፤ አልቸኮለም። ከዚያ አንዱ ከብዶ አንዱ ቀሎ የሚረግጥ እርምጃ በካቡ ጥግ ወደ በሩ ሄደ። እትዬ አትጠገብ ሊሆኑ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ ዕድሜያቸውም አይፈቅድም። ቢሆንም መዞር አማረኝ፤ በጣም አማረኝ። አልዞርሁም።

ማህሌት ቀሚሷን አጣጥፋ ይዛ ስትመጣ እዚያው ቆሜ አገኘችኝ።

«እማ፣ ሳትገቢ ቀረሽ እንዴ? እዚህ ምን ስትሠሪ ነው?»

«ጫማ ስጠብቅ» አልኋት።

ግራ ገብቷት መሬቱን አየች፤ ከኔ ጫማ በቀር ምንም የለም። «የማንን?» አለችኝ።

«አላየሁም» አልኋት።